ዕጣና ቡና

የታሪክ ተማሪ ዕጣ የሚባለውን ነገር አይወድም። መንግሥት ሲወድቅ ምክንያቱን ከግብር፣ ከረሃብ፣ ከጦርነት ወይም ከመደብ ትግል እንፈልጋለን። «እንዲያው ሆነ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ፈተናውን አያልፍም። ልማዱ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከሸካ እስከ ከፋ ያለው የቡና አገር ታሪክ ያለ ዕጣ ሊጻፍ አይችልም። ዕጣ ስል ታዲያ የአርባ ቀን ዕድል ማለቴ አይደለም። ሊቆጠርና ሊሰላ የሚችለውን ዕጣ ማለቴ ነው።

እቁብን እንውሰድ። በዚህ ሳምንት ለማን እንደሚወጣ ዳኛውም አያውቅም። ሃያ አባል ያለው እቁብ ግን በሃያኛው ሳምንት ሁሉን አዳርሶ እንደሚያልቅ ሕፃን ልጅም ያውቃል። የአንዱ ዕጣ ስውር ነው፤ የብዙው ግን ሥርዓት አለው። ሳይንስ በሞለኪውል ላይ የደረሰበትም ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። በ1827 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሮበርት ብራውን ከአበባ ዱቄት የወጡ ቅንጣቶች በውሃ ውስጥ ያለ ማቋረጥ ሲንቀጠቀጡ በማይክሮስኮፕ አየ። በ1905 አይንሽታይን የሚገፏቸው የውሃ ሞለኪውሎች መሆናቸውን አስረዳ። እያንዳንዱን ግፊ አልቆጠረም፤ ያሰላው ቅንጣቷ በአማካይ ምን ያህል እንደምትርቅ ነው። ሞለኪውሎቹ ጥቂት ሲሆኑ ግን አማካይ ያታልላል። ስለዚህ በ1977 አሜሪካዊው ዳንኤል ጊሌስፒ ቀጥሎ የትኛው የኬሚካል ለውጥ፣ መቼ እንደሚሆን በኮምፒዩተር ዕጣ እየጣሉ የሚከተሉበትን ዘዴ አሳተመ። ዛሬ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ የሚካሄደውን ነገር ለማጥናት በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ።

ይህ ለቡና ምኑ ነው? ቢሉ፣ ዘርን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈው ዲ.ኤን.ኤ. ራሱ ሞለኪውል ነው። ሲገለበጥም እንደ ብራና ጸሐፊ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል። የትኛው ፊደል እንደሚሳት ማንም አያውቅም። ታዲያ ስህተቱ ለችግር መልስ ሆኖ ይመጣል ወይስ ችግሩ ሳይመጣ አስቀድሞ በዘፈቀደ ይፈጠራል? ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ በ1943 ይህን ጥያቄ በባክቴሪያ ፈተኑ። በብዙ ብልቃጥ ለየብቻ አሳድገው ገዳይ ቫይረስ ለቀቁባቸው። መቋቋምን ያስተማረው ቫይረሱ ቢሆን ኖሮ የተረፉት ቁጥር በየብልቃጡ ተቀራራቢ በሆነ ነበር። የሆነው ሌላ ነው፤ በአንዱ ምንም አልተረፈም፣ በሌላው ከመቶ በላይ ተረፈ። እንግዲህ የሚቋቋሙት ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት በዕጣ ተፈጥረው ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አረቢካ ቡና ራሱ የሁለት ዝርያዎች፣ የሮቡስታና የዩጂኒዮይድስ፣ ድንገተኛ ግንኙነት ልጅ ነው። በ2024 የወጣ ጥናት ጊዜውን ከ600 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ያደርሰዋል። የዱር ዘሩ ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ጫካችን ይገኛል። ወደ ውጭ የሄደው ግን እፍኝ ነው። ከየመን የወጣው ዘር በጃቫ በኩል አድርጎ በ1706 አምስተርዳም ገባ፤ በ1714 አንድ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። የላቲን አሜሪካ የቀድሞ ቡና በአብዛኛው ከዚህና በሬዩኒየን ደሴት በኩል ካለፈው ሌላ ጥቂት ዘር የመጣ ነው። ብዙ ዓይነት እህል ካለበት ጎተራ እጅ ሰዶ አንድ እፍኝ የዘገነ ሰው የሚቀርበት ከሚያገኘው ይበልጣል። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም፤ የትንሽ ቁጥር ሕግ ነው።

በ1922 በኬንያ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። እሸቱ ፍሬ እየጠቆረ ረገፈ። በጅማ የምርምር ጣቢያ የተሠማሩት ሰዎች መፍትሔውን ከውጭ አላመጡም። በበሽታው መካከል ደኅና የቆሙትን ዛፎች ከገበሬው ማሳና ከጫካው እየለዩ ፈተኑ። ከነዚህ መካከል 74110 እና 74112 ከመቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው። እነዚያ ዛፎች በሽታው ሲመጣ ቀድሞውኑ አድገው ቆመው ነበር፤ በሽታው አልፈጠራቸውም። የሉሪያ ብልቃጥ በኢሉባቦር ጫካ ተደገመ ማለት ይቻላል።

ለሚዛን ሰው ቅርብ የሆነውን የጌሻን ቡና ደግሞ ተመልከቱ። በ1930ዎቹ የተሰበሰበ ዘር ታንዛኒያ፣ በ1953 ኮስታ ሪካ፣ ቀጥሎም ፓናማ ደረሰ። በ2004 በፓናማ የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ ዓለም ጉድ አለ። አንድ እፍኝ ይህን ካደረገ፣ ጎተራው ምን ይዞ ይሆን?

ነገሩ የሚያስፈራውም እዚህ ላይ ነው። ሰፋፊ እርሻ የተመረጡ ጥቂት ዓይነቶችን በረድፍ ይተክላል፤ ምርቱ ያስፈልገናል፣ አንቃወምም። ነገር ግን ጫካው በተመነጠረ ቁጥር ከእቁቡ ዕጣ እየተቀነሰ ነው። የተጣለ ዕጣ ደግሞ ተመልሶ አይወጣም። የከፋ ጫካ በ2010፣ የሸካ ጫካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገባቸው መልካም ነው። መዝገብ ብቻውን ግን ዛፍ አያቆምም። ያቆመው ጫካውን ሲመነጥር ይህችን ዛፍ ቆርጦ ያችን የተወው ገበሬ ነው። ስሙ በታሪክ መጽሐፋችን የለም እንጂ ሥራው ታሪክ ነው።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የባዮሎጂ ተማሪው የዘሩን ዕጣ ያስላ። የታሪክና የቋንቋ ተማሪው ደግሞ በዕረፍቱ ወደ ሸኮ፣ ወደ ቤንች፣ ወደ ሸካና ወደ ከፋ ሽማግሌዎች ይሂድ። የየቡናውን ዓይነት ስም፣ ማን እንደተከለው፣ ለምን እንዳልተቆረጠ ጠይቆ ይጻፍ። ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው የዚህ አገር ታሪክ መጻፍ የሚጀምረው።