ከአሞሌ እስከ ስልክ ሂሳብ፦ ገንዘብ በምዕራብ ጎጃም የት ሲያድር ኖረ?

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ገንዘብ በስልክ በሚንቀሳቀስ ሂሳብ ማደር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት ሀብት በጨው፣ በጠገራ ብር፣ በከብት፣ በጎተራ እህል፣ በዕቁብና በባንክ ደብተር ሲያድር ኖሯል። ማደሪያው ይለዋወጥ እንጂ መምረጫው ብዙም አልተለወጠም፦ ገበያ ላይ ማን ይቀበለዋል? ማን ያየዋል? በተፈለገ ቀንስ ይገኛል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም ገበያ መገበያያ አሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ስለዚህ ጎጃም ሲደርስ ውድ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርለስ ቤክ በ1834 ዓ.ም. አካባቢ በጎጃም ሳለ የጻፈለት የባሶ ገበያ፣ ከአባይ ማዶ የሚመጡ የጉድሩ ነጋዴዎች ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይዘው የሚቀርቡበት ነበር። ቡሬም አባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ በሚዘልቀው የንግድ መንገድ ላይ ነበረች። አሞሌ ግን ለማስቀመጥ የማይመች ሀብት ነው። የጎጃም ክረምት ረጅምና ዝናባማ በመሆኑ እርጥበት ያሟሟዋል፤ ጠርዙ የተሸረፈም ዋጋው ይወርዳል። ያለው ቤት ከምድጃ በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው ደረቅ ስፍራ ያኖረዋል።

ለክረምት የማይበገረው ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት የተጻፈበትና 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ የብር ሳንቲም በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ገብቶ አገሩን አዳረሰ። ተቀባዩ ዝም ብሎ አይወስደውም። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ፈርጦች ጎልተው መታየታቸውን በጣቱ ይዳብሳል፤ የተላጠ ከሆነ ይመልሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል የራሳቸውን ብር በፓሪስ ቢያስቀርጹም ገበሬው ለረጅም ጊዜ የመረጠው የለመደውን ነበር። ጠገራ ብር በሸክላ ማሰሮ ተደርጎ ይቀበራል፣ በመቀነት ይቋጠራል፣ ወይም ቃሉ በሚታመን ሰው ዘንድ በአደራ ይቀመጣል። አደራው ጽሑፍ የለውም፤ ቢበዛ ሁለት ምስክር አለው።

ባንክ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በየካቲት 1898 ዓ.ም. ነው፤ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ነበር። በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ወጣ። በ1956 ዓ.ም. የመንግሥት ባንኩ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን የጎጃም ገበሬ ከሩቅ ተመልካች ነበር።

ለዚህ ግን የቦታ ርቀት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሊያስከፍል ሲነሳ ጎጃም አመፀ፤ ደጋ ዳሞትና ሞጣ ከአመፁ ማዕከሎች ነበሩ። ገበሬው ምርቱንና መሬቱን የሚለካ መዝገብ ርስቱን ለመንጠቅ ያመቻቻል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱም መሠረተ ቢስ ነው ሊባል አይችልም። ሀብቱን መንግሥት መዝግቦ እንዲያውቅበት የማይፈልግ ሰው ከባንክ ይልቅ በሬና ላም ቢመርጥ አያስገርምም። ከብት ይረባል፣ ያርሳል፣ ችግር ሲመጣ ይሸጣል።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮች ተወረሱ፤ በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ደግሞ የብር ኖት ተቀየረና ኖት ደብቆ ያኖረ ሁሉ ይዞ መውጣት ግድ ሆነበት። የግል ባንክ የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ነው። በገጠር ግን ከባንኮቹ ቀድሞ ሥር የሰደደው በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነበር፤ ሰዎችን በቡድን እርስ በርስ ዋስ እያደረገ ያበድር ነበር። ዋስትናው አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዕቁብም ያለ ዋስ ዕጣ አይሰጥም። ተቋሙ በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኗል። ዓባይ ባንክ በ2003 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ኖቱ ዳግመኛ ሲቀየር ከ10,000 ብር በላይ የያዘ ሰው ሂሳብ እንዲከፍት ታዘዘ፤ ባንክ ገብቶ የማያውቅ ብዙ ሰው ደብተር ያወጣው ያኔ ነው።

የስልክ ሂሳብ የመጣው በዚህ ላይ ነው። የንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር በ2010 ዓ.ም. ወጣ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. አስጀመረ። ቴሌብር ባንክ ስላልሆነ ቁጠባና ብድር ያቀረበው ከባንክ ጋር ሆኖ ነው፤ መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉት አገልግሎቶቹ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከዳሽን ባንክ ጋር ተጀመሩ። በቡሬ ገበያ በርበሬ የሸጠ ሰው አሁን ብሩን ከመቁጠር ይልቅ ስልኩን ያያል፤ ጠንቃቃው ደግሞ ገዢው የሚያሳየውን ደረሰኝ ትቶ የገዛ ሂሳቡን ቀሪ ይጠይቃል፤ ደረሰኝ ተመሳስሎ ሊሠራ ይችላልና።

ሂሳብ ለሚመርጥ ሰው በዚህ አገር መተግበሪያው ማማሩ ትንሹ ጉዳይ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ መተግበሪያ ብቻ የያዘ ሰው ተቸገረ። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት አጭር ቁጥሮች፣ የቴሌብሩ *127# እና የንግድ ባንኩ *889#፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ያገለግላሉ። ስለዚህ አጭር ቁጥር የሌለው ሂሳብ ለገጠር ሰው ጎደሎ ነው። ቀጥሎ የሚታየው ወኪል ነው፦ በገበያ ቀን በቂ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚጠብቅ ሰው በአቅራቢያ ከሌለ ስልክ ላይ ያለው ብር ማዳበሪያ ወይም ዘር እጅ በእጅ ለሚሸጥ ነጋዴ አይሆንም።

የሂሳቡ ዓይነትም ይለያል። ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ወለድ አይከፍልም፤ ጥቅሙ ቼክ ለሚጽፍ ነጋዴ ነው። ለግል ሰው የቁጠባ ሂሳብ በስልክ እንደልብ ስለሚንቀሳቀስና ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን ወለድ 7 በመቶ ስላደረገው ይሻላል፤ ወለድ የማይፈልግም ወለድ አልባ ሂሳብ አለው። በ2013 ዓ.ም. በወጣ ደንብ የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ከዚህ በላይ ያለው ሰው በሁለት ባንክ ቢከፍለው ለእያንዳንዱ ባንክ ሽፋኑ ለየብቻ ይሆንለታል።