ሣርን ከሣር የሚለየው ወቅት

በደቡብ አፍሪካ ድራከንስበርግ ተራሮች፣ ካቴድራል ፒክ በሚባለው ስፍራ፣ ሁለት የሣር ዝርያዎች ተጎራብተው ይበቅላሉ። ፌስቱካ ኮስታታ ብርድ የለመደ ነው። ቴሜዳ ትሪያንድራ ሙቀት ይወዳል፤ ቀዝቃዛው ወራት ሲገባም ቀላ ወዳለ ቡናማ ይለወጣል። ከብት ጠባቂ በአንድ እይታ ይለያቸዋል። በ786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ለሚዞር ሳተላይት ግን በለምለም ወቅት ሁለቱም ያው አረንጓዴ ናቸው።

ምድርን ከሩቅ የመቃኘት (የሪሞት ሴንሲንግ) ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው በካሜራ ጥራት ነው። የተራራ ሣርን በተመለከተ ግን ከጥራቱ ይልቅ ወቅቱ የበለጠ ዋጋ አለው ባይ ነኝ።

መነሻው ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዊሊያም ኸርሽል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ፣ ከቀዩ ቀለም ባሻገር ባዶ በሚመስለው ቦታ ቴርሞሜትር ቢያስቀምጥ ሙቀቱ ጨመረ፤ ኢንፍራሬድ የታወቀው ያኔ ነው። በ1910 ሮበርት ዉድ በዚሁ ብርሃን ያነሳቸውን ፎቶግራፎች ሲያሳይ የዛፍ ቅጠሎች በረዶ የወረደባቸው መስለው ታዩ። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይወስዳል፣ ኢንፍራሬዱን ይመልሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች አረንጓዴ ቀለም የተቀባን መሸፈኛ ከእውነተኛ ቅጠል የለዩት በዚህ ነበር። ይህ ሁሉ ግን ተክልን ተክል ካልሆነው ይለያል እንጂ ሣርን ከሣር አይለይም።

ሐምሌ 1972 ላንድሳት 1 መጠቀ። በቨርጂኒያ ኖርዉድ ንድፍ የተሠራው መሣሪያው ምድርን በአራት የብርሃን ክፍሎች ያይ ነበር፤ የአንዱ ፒክሰል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) ጎን 80 ሜትር ግድም ነው። በድራከንስበርግ እንዲህ ያለ አንድ ፒክሰል ሣሩንም ዐለቱንም ጅረቱንም ይጠቀልላል፤ ዝርያ መለየት የማይታሰብ ነው። ሳተላይቱ ግን በየ18 ቀኑ ወደዚያው ቦታ ይመለሳል። በቴክሳስ ጆን ራውስና ባልደረቦቹ የተጠቀሙት ይህንን ነው፤ በአሜሪካ ሰፊ ሜዳዎች ልምላሜው ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ተከታተሉት። ኢንፍራሬዱ ከቀዩ ያለውን ብልጫ ለሁለቱ ድምር የሚያካፍለው ኤንዲቪአይ የሚባለው ቀመር ስመ ጥር የሆነው በዚህ ሥራ ነው። ዛሬ ለድርቅም ለሰብልም ይሠራበታል፤ መጀመሪያ ግን የሣርን ወቅት መከታተያ እንደነበር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ወቅቱ ለምን እንደሚለያይ የመለሱት የዕፅዋት ተመራማሪዎች ናቸው። በ1966 አውስትራሊያ ውስጥ ሃል ሃችና ሮጀር ስላክ፣ የሸንኮራ አገዳ ካርቦንን የሚይዝበት መንገድ ከአብዛኛው ተክል የተለየ መሆኑን አብራሩ። ሲ አራት የሚባሉት እንዲህ ያሉ ሣሮች ሙቀትና የውሃ እጥረት ይችላሉ፤ ሲ ሦስት የሚባሉት ብርድ ላይ ይበረታሉ። በ1979 ኬንያ ላይ የወጣ ጥናት ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ክፍት ሜዳ ሲ አራቶች፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ ሲ ሦስቶች እንደሚገኑ አሳየ። በመካከሉ ባለው ከፍታ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ ልምላሜያቸውም ሆነ መድረቃቸው በአንድ ጊዜ አይሆንም። እንግዲህ በአንድ ቀን ምስል ያልተለየው በዓመቱ ውስጥ ይለያል ማለት ነው።

ዓመቱን ሙሉ የሚያሳይ ምስል መግዛት ግን ቀላል አልነበረም። በአንድ ዘመን የአንድ ላንድሳት ምስል ዋጋ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። በ2008 የአሜሪካ መንግሥት ክምችቱን በነፃ ከፈተው። ለእኔ ይህ ከየትኛውም አዲስ ካሜራ የሚበልጥ ውሳኔ ነው። በ2015 የአውሮፓ ሴንቲኔል 2 ተከተለ፤ 13 የብርሃን ክፍሎች አሉት፣ ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ቀዩ ወደ ኢንፍራሬድ በሚሻገርበት ጠባብ ወሰን ላይ ያርፋሉ፤ የቅጠል አረንጓዴነት ጥቃቅን ልዩነት የሚታየውም እዚያ ነው። ሁለተኛው ሴንቲኔል 2 በ2017 ሲጨመር በየ5 ቀኑ መመለስ ተቻለ።

የክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሌታ ሾኮና ኦኒሲሞ ሙታንጋ እነዚያን ሁለት የድራከንስበርግ ሣሮች በሦስት ሳተላይቶች አወዳደሩ። በገንዘብ የሚሸጠው ወርልድቪው 2 አንደኛ ወጣ፤ ነፃው ሴንቲኔል 2 ብዙም ሳይርቅ ተከተለው፤ ላንድሳት 8 የመጨረሻው ሆነ። እንደ ወቅቱ ውጤቱ እንደሚለዋወጥም አሳይተዋል። ተራራ ግን ተራራ ነው፤ ጥላ ያረፈበትና ፀሐይ የመታው አንድ ዓይነት ሣር ሁለት ይመስላል፤ ሣሩ በሚለመልምበት የዝናብ ወቅት ደግሞ ደመናው አያሳይም።

ዘዴውን እንዳለ ወደ መንዝ ጓሳ ማምጣት ይቻላል የሚል ካለ እጠራጠራለሁ። ጓሳ የሚባለው ሣርም ፌስቱካ ነው፤ የመንዝ ሰው ቤት ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል። ስፍራው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር፤ ሣሩ እስኪደርስ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ይዘጋ፣ ሲደርስ ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። ስፍራው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ግን ከጓሳው አጠገብ ያሉት ሣሮችም አብዛኞቹ ብርድ ወዳድ ናቸው፤ እንደ ድራከንስበርጉ ሣሮች ወቅት አይለያቸውም። እዚያ በጥሩ ጥራት የሚሠራ ድሮንና ሣሩን በስሙ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ያስፈልጋሉ። ሳተላይቱ የሚረዳው ለሌላ ነገር ነው፤ የታጨደውን ካልታጨደው፣ ያልተጋጠውን ከተጋጠው ለመለየት አሁን ያለው የ10 ሜትር ፒክሰል በቂ ነው።