ከሣር ክዳን እስከ ብሎኬት፤ የቤታችን ሻጋታ ታሪክ

ከብስራተ ገብርኤል ወደ ሳር ቤት በእግር የምትመላለሱ ልጆች፣ የሰፈሩን ስም ቆም ብላችሁ አስባችሁበት ታውቃላችሁ? ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ የሣር ክዳን ያለው ቤት ብትፈልጉ አታገኙም። ፎቅ ነው፣ መስታወት ነው፣ ብሎኬትና ቆርቆሮ ነው። የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ጣሪያችንና ግድግዳችን ሲለወጥ ግን አብሮን የገባ አንድ ነገር አለ፤ እንግዳ ሲመጣ በመጋረጃ የምንሸፍነው። ሻጋታ።

ነገሩን ያነሣብኝ ባለፈው ነሐሴ ልጠይቃቸው የሄድኩ ቤተሰብ ነው። የሚኖሩት ከአንድ ግቢ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጋር ተያይዞ በተሠራ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው፤ መስኮቱ አንድ ነው። የ3 ዓመት ልጃቸው ከሰኔ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። እናቱ “ብርድ ነው፣ ምችም ሳይሆን አይቀርም” አለችኝ። ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ ከታች ጀምሮ እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሯል። ማየቴን ስታውቅ አንገቷን ደፋች። “በበረኪና እጠርገዋለሁ፤ በሳምንቱ ይመለሳል” አለች። የጽዳት ጉድለት አድርጌ የቆጠርኩባት መስሏት ነበር። ታሪኩን እንድፈልግ ያደረገኝ ያ እፍረቷ ነው።

ከሣር ቤት እንጀምር። በሣር ቤት መካከል እሳት ይነዳል፤ ጢሱ በክዳኑ ሥር እየተሳበ ይወጣል፣ ሣሩንም ግድግዳውንም ያደርቃል። የጭቃው ግድግዳ ርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሳል። ይህን ስላችሁ “የአያቶቻችን ቤት ይሻል ነበር” ማለቴ አይደለም። ያው ጢስ የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ ሲጎዳ ኖሯል፤ ዛሬም በገጠር ይጎዳል። ቤቱ ግን ደረቅ ነበር።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርደው አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ ከተማዋ የተሠራችው በእንጨትና በጭቃ ነው። በኋላ ባሕር ዛፍ መጣና ማገሩም ወጋግራውም ከእርሱ ሆነ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ደግሞ ቆርቆሮ ማስገባት ቀለለ። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ በየጥቂት ዓመቱ ልክደን አይልም። ነገር ግን ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ባለች ከተማ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቆርቆሮውም አብሮ ይቀዘቅዛል። የተኙት ሰዎች ትንፋሽና የወጡ እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ጠዋት “ጣሪያው አላበው” የምንለው ይህ ነው። ያንን ለመከላከል አቡጀዲ ወጥረን ኮርኒስ አደረግን፤ ግድግዳውን በጋዜጣ ለጠፍን።

እዚህ ላይ የሻጋታን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ዘሩ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ በየትኛውም ቤት አየር ውስጥ አለ፤ ሦስት ቀን ባደረ እንጀራ ላይ የሚወጣውም ዘመዱ ነው። ምግቡ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ እንጨት፣ ሙጫ፣ በጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ ነው፤ ይህ ሁሉ በቤታችን ሞልቷል። የሚጎድለው ውሃ ብቻ ነው። ግድግዳው ከረጠበ በኋላ ሳይደርቅ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ይበቅላል። በረኪናው የላዩን ያነጣዋል፤ ውሃው ከጀርባ እስከመጣ ድረስ ግን ይመለሳል።

ቀጥሎ ያለው የታሪኩ ምዕራፍ የሕግ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ኪራይ ተቀነሰ። በዚያች ጥቂት ብር ግን ጣሪያ አይታደስም፣ አሸንዳ አይቀየርም። ተከራዩ እንዳይሠራ ቤቱ የእርሱ አይደለም፤ ቀበሌው እንዳይሠራ ገንዘብ የለውም። ግድግዳው ለዓመታት የማንም ሳይሆን ረጠበ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ከቆርቆሮውም ከጭቃውም ይልቅ ሻጋታን ያሳደገብን፣ ከግድግዳው ሥር የሚተኛው ሰው ሌላ፣ ግድግዳውን ማደስ የሚችለው ሰው ሌላ መሆኑ ነው። የዛሬው ብሎኬት ሰርቪስ ከዚህ አላመለጠም፤ ቧንቧው የሚያፈስ ኮንዶሚኒየም የተከራየውም እንዲሁ።

ዘሌዋውያን 14ን ስናነብ ብዙዎቻችን በፍጥነት እናልፈዋለን፤ “የቤት ለምጽ” የሚለው ግራ ያጋባልና። አሁን ግን ያንን ክፍል በአእምሯችሁ ይዛችሁ መለስ ብላችሁ እዩት። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ነገር ይታያል። ባለቤቱ ራሱ ሄዶ ለካህኑ ይናገራል። ቤቱ 7 ቀን ይዘጋል፤ ከሰፋ የተበከለው ድንጋይ ይወጣል፣ ልስኑ ይፋቃል፣ አዲስ ይመረጋል። ከዚያ በኋላም ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል። ምዕራፉ ባለቤቱ ምን ኃጢአት ሠርቶ እንደሆነ አይጠይቅም። ምርመራው የግድግዳው ነው።

ሕክምናው ይህን ለመያዝ ጊዜ ወስዶበታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍሎየር፣ ራሱም የአስም ሕመምተኛ፣ በ1698 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ወይን ወደሚፈላበት ምድር ቤት ገብቶ ትንፋሽ ስላጠረው ሰው ጽፏል። በአገራችን በጅማና በዙሪያዋ የተደረገ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል፤ ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለሲርሲርታ፣ ለአስምና ለመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስታውቋል። ይህን ያህል ሻጋታ ጉዳት የለውም የሚል ልክ ግን አላስቀመጠም፤ ርጥበቱን አስወግዱ ነው ያለው።

በስልካችሁ የምታዩትን “ጥቁር ሻጋታ ይገድላል” የሚል ማስፈራሪያ ሁሉ አትመኑ። በአሜሪካ ክሊቭላንድ በ1990ዎቹ ሕፃናት ከሳንባቸው ሲደሙ ጥቁር ሻጋታ ተወነጀለ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ እንደገና ሲመረመር ማስረጃው አልበቃም ተባለ። በሌላ በኩል በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ የሱዳናውያን ልጅ የሆነው አዋብ ኢስሃቅ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በ2 ዓመቱ ሞተ። መርማሪዋ ዳኛ የሞቱ መንሥኤ በቤቱ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ ነው ብላ ወሰነች። አባቱ ደጋግሞ አመልክቶ ነበር፤ የተሰጠው ምላሽ ቀለም ቀባበት ነበር። ዛሬ አከራዮች በተወሰነ ቀን እንዲጠግኑ የሚያስገድደው ሕግ በልጁ ስም ይጠራል።

ወደዚያ ሰርቪስ ክፍል ከልጁ አባት ጋር በድጋሚ ስንሄድ የአጥሩን ውጭ ዞረን አየን። የትልቁ ቤት አሸንዳ ተሰብሮ ውሃውን የሚደፋው ልክ በአልጋው ራስጌ ጀርባ ነው፤ አፈሩም ግድግዳው ላይ ተከምሯል። ባለቤቷን ጠርተን አሳየናቸው። አዛውንት ናቸው፣ ወደዚያ ጥግ ከሄዱ ዓመታት አልፏቸዋል። “ልጆቼ፣ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?” አሉ። እናትየዋ አከራይዋን ላለማስቀየም ብላ ዝም ማለቷን ያኔ ነገረችን። አሸንዳው በመስከረም ተቀየረ፣ አፈሩም ተዛቀ። አልጋው ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጁ ጤና ጣቢያ ታይቶ የሚሳብ መድኃኒት ታዞለታል፤ ሳሉ ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልተወውም። ግድግዳው እስከ ኅዳር ድረስ ሲነኩት ይቀዘቅዝ ነበር።