የቱቦ ጊታር አምፕሊፋየር ጥገና

የቱቦ ጊታር አምፕሊፋየር በትራንዚስተር ፈንታ በቫኩም ቱቦ የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ነው። ጥገናው ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቀው በውስጡ ባለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ምክንያት ሲሆን፣ ይህም በብዙዎቹ ከ300 እስከ 500 ቮልት ይደርሳል። የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለሞት የሚያደርስ ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ባለሙያ አስቀድሞ ቻርጁን በሬዚስተር በኩል ያስወጣል፤ ባዶ መሆናቸውንም በቴስተር ለክቶ ያረጋግጣል።

ብልሽቱ ብዙ ጊዜ በምልክቱ ይለያል፦

* ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ፣ የኃይል ቱቦ፣ ሬክቲፋየር ወይም ካፓሲተር ሾርት አድርጎ ሊሆን ይችላል። ከተመደበው አምፔር በላይ የሆነ ፊውዝ መግጠም ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል።
* በ50 ኸርዝ መስመር ላይ የ100 ኸርዝ ጉምጉምታ ከተሰማ፣ የደከመ የማጣሪያ ካፓሲተር ይጠረጠራል።
* አምፕሊፋየሩ በርቶ አንድ ቱቦ በእንጨት እርሳስ ቀስ ብሎ ሲነካ ስፒከሩ ጎልቶ ከጮኸ፣ ያ ቱቦ ይቀየራል።
* የኃይል ቱቦው አኖድ ቀልቶ ከታየ፣ ባያሱ ጠፍቷል ወይም የማገናኛ ካፓሲተር ያሾልካል፤ መሣሪያው ወዲያው ይጠፋል።

አምፕሊፋየሩን ያለ ስፒከር ማሠራት የውጤት ትራንስፎርመሩን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ሙከራ የሚደረገው ስፒከር ወይም ተመጣጣኝ ጭነት ከተገናኘ በኋላ ነው።