የተዋናይ ጥበብና የከተማችን ሆስፒታል

ከጥንት ጀምሮ ሰው በታመመ ጊዜ የሚፈልገው መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የሚያጽናና ቃልና የሚያሳርፍ ዜማም ይፈልጋል። በመጽሐፍ ቅዱስ እንደምናነበው ንጉሥ ሳኦል መንፈሱ በተጨነቀ ጊዜ ብላቴናው ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ሳኦልም ያርፍ ነበር። በአገራችንም በገና በዐቢይ ጾም እየተደረደረ የስንቱን ልብ ሲያረጋጋ ኖሯል። የዛሬ ሊቃውንትም ነገሩን መርምረውታል። በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት ከ3000 በላይ ጥናቶችን ተመልክቶ ሙዚቃ፣ ቲያትር፣ ሥዕልና ውዝዋዜ በሽታን ለመከላከልም ሆነ ሕመምተኛን ለመርዳት እንደሚያግዙ ገልጧል።

ይህ ሆኖ ሳለ አንድ ልጅ «ተዋናይ ልሁን» ቢል በብዙ ቤት ደስታ አይሆንም። «አዝማሪ ልትሆን ነውን?» ይባላል። ሐኪምና መሐንዲስ አገር ይጠቅማሉ፤ ተዋናይ ግን ምን ይፈይዳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም። የዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል ታሪክ ይበቃናል።

አቶ ካርልሃይንዝ በም በ1928 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በዳርምሽታት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥሩ የኦርኬስትራ መሪ ነበሩ። ልጅየውም ተዋናይ ሆነው፣ ከ1955 እስከ 1957 በወጡት ሦስት የ«ሲሲ» ፊልሞች የኦስትሪያውን ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍን ሆነው በመጫወት በአውሮፓ ታወቁ።

በ1981 በአንድ የቴሌቪዥን ትርዒት ላይ ቀርበው ተወራረዱ። ውርርዱም፣ ከተመልካቹ ሢሶው እንኳ በአፍሪካ ለተራቡት ሰዎች አንዳንድ ማርክ አይሰጥም የሚል ነበር። በእውነትም ሢሶው አልሰጠምና ውርርዱን ረቱ። ነገር ግን ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በኅዳር ወርም «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሥራ በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ተፈናቃዮችን ማስፈር ነበር። በ1992 ደግሞ ድርጅቱ በመርሐ ቤቴ ሥራ ጀመረ፤ የእናት ሆስፒታልም በድርጅቱ ርዳታ ተሠራ። አቶ ካርል በ2014 አረፉ።

መርሐ ቤቴ በጀማና በወንጭት ገደሎች የተከበበ አገር ነው። ምጥ የጠናባትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ ቁልቁለት መውረድና አቀበት መውጣት ምን እንደ ሆነ ወላጆቻችን ያውቁታል። ስለዚህ የሆስፒታል መቅረብ ለእኛ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ እናስተውል። አቶ ካርል ቁስል አላከሙም፤ መርፌም አልወጉም። ነገር ግን በብዙ ሰው ፊት ቆሞ መናገርን፣ የማያውቁትንም ሰው ችግር ለተመልካች ማሳየትን ከሙያቸው ተምረዋል። ያወቃቸውና የወደዳቸው ሕዝብ ሰማቸው። ጥበብ ልብን ከፈተች፤ ልብም እጅን ከፈተ።

ይሁን እንጂ ጥበብ የሐኪምን ቦታ ትወስዳለች ማለቴ አይደለም። ዜማ ወባን አያድንም፤ የታመመ ሰው አስቀድሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል። ጥበብ የምትችለው ሕመምተኛውን ማጽናናትና ጤነኛው እንዲያስብለት ማድረግ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች! ከመካከላችን መዝፈን፣ መሣል፣ ቲያትር መሥራት የሚችሉ አሉ። እናቶች በቤት ሳይሆን በሆስፒታል እንዲወልዱ የሚያስረዳ አጭር ቲያትር በገበያ ቀን ብናሳይ ብዙ ሰው ይሰማናል። ወላጆቻችንም ይህን ባዩ ጊዜ «ተዋናይ ምን ይፈይዳል?» ማለታቸውን ይተዋሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።