ዓይን የሚሰማው ዜማ

አለቃ ገብረ ሐናን የማያውቅ የለም፤ የምናውቃቸው ግን በቀልዳቸው ነው። ጠላ ቤት አንዱ «አለቃ አንድ ቀን» ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። ከቀልዱ ስንቱ በስማቸው እንደተለጠፈ እግዜር ይወቀው! ሊቅነታቸው ከሣቁ ሥር ተቀብሮ ቀረ።

ሰውየው ፎገሬ ናቸው። ከጣራ ገዳም ቁልቁል፣ አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ ወረታ ሲወረድ እስከ ጣና የሚዘረጋው ሜዳ አገራቸው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ እዚያው ናበጋ ጊዮርጊስ ተወለዱ፤ ጎንደር ተምረው ጎንደር አስተማሩ። ኋላ ጣና ላይ ሳሉ፣ ማዕበሉ ሲመላለስና የዳሩ ተክል በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ ዝማሜ አወጡ ይባላል። መቋሚያው ብቻ ሳይሆን ሰውነት ሁሉ ከዜማው ጋር ግራና ቀኝ ዘንበል ይላል።

የጎንደር ሊቃውንት «አንቀበልም» አሉ። ልጃቸው ተክሌ ግን ተምሮት ደብረ ታቦር ወሰደው፤ እዚያ ሥር ያዘ። ዛሬም ስሙ የተክሌ አቋቋም ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ዜማ የጆሮ ከሆነ ይህ ሁሉ መወዛወዝ ለምን? ጌጥ ነው? ሐሳብ መበተኛ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1954 ሳምቢና ፖላክ የተባሉ ተመራማሪዎች በጩኸት መካከል ቃላት አሰሙ። የተናጋሪውን ፊት ያዩት ካላዩት የበለጠ ሰሙ፤ ጩኸቱ በበረታ ቁጥር የዓይን እገዛ ጎላ። አንጎላችን ከዓይንና ከጆሮ የመጣለትን ለየብቻ አያስቀምጥም። በአንድ ቅጽበት የደረሱትን የአንድ ነገር ምልክት አድርጎ ያያይዛቸዋል፤ የተያያዘውም ከሌላው ግርግር ለይቶ ለመከተል ይቀላል።

ማኅሌቱን አስቡት። ሌሊት ነው፤ ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ግራና ቀኝ የቆሙት ይቀባበላሉ። ከዳር ያለው ደብተራ የመሪውን ድምፅ ባይለይ እንኳ ፊት ለፊቱ የሚዘነበለውን ሰልፍ ያያል። ምቱን በዓይኑ ያገኘዋል ማለት ነው።

የጎንደሮችን ሥጋት ግን በድንቁርና አልፈርጀውም። ዓይን ጆሮን ያሳስታልና። እ.ኤ.አ. በ1976 ማክገርክና ማክዶናልድ «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» ከሚል አፍ ምስል ጋር አቀረቡ፤ ብዙ ሰው የሰማው «ዳ» ነበር! ያለ ጊዜው የሚወዛወዝ አንድ ሰው ስንቱን ከዜማ ሊያወጣ እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል። ደግሞም መዋሐዱ እንዲሁ በነፃ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 የባርሴሎና ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ተመልካቹ ሌላ ሥራ ሲደረብበት ይህ የ«ዳ» ነገር ይቀንሳል። ሐሳቡ የተከፈለ ሰው የሚያየውንና የሚሰማውን አዋሕዶ መያዝ ያዳግተዋል። አቋቋም ዓመታት የሚፈጀው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ተማሪው እግሩን እያሰበ ዜማውን ሊከተል አይችልም፤ እግሩ ሳይታሰብ እስኪሄድለት ድረስ መድገም አለበት።

እኛ ደግሞ ማኅሌቱን በካሴት ቀድተን «አስቀረነው» አልን። የፎገራው ሊቅ የጨመሩት ግን ካሴት የማይቀዳውን ነበር።