ከጎታርድ ዋሻ ደጃፍ

የምዕራባውያኑ ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ከጀርመን፣ ከሆላንድና ከስዊዘርላንድ ሰሜናዊ ከተሞች የተነሡ መኪኖች ሻንጣና ሕፃናት ጭነው ወደ ደቡብ ይጎርፋሉ። የሁሉም ምኞት አንድ ነው፤ ከአልፕስ ተራሮች ማዶ ያለው ፀሐይ። ዑሪ ወደሚባለው ካንቶን፣ ማለትም የስዊስ ክፍለ ግዛት፣ ሲደርሱ ግን መንገዱ ቀጥ ይላል። ከፊት ያለው መኪና ይቆማል፤ የኋላውም እንዲሁ። ሞተር ይጠፋል፣ በር ይከፈታል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አባት አንገቱን አስግጎ ፊት ለፊት ያያል። ከሰልፉ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ሰልፉ አንዳንዴ 15፣ አንዳንዴም 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። መንገዱን የሚያውቁ ሾፌሮች ቀላል ሒሳብ አላቸው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሰልፍ 10 ደቂቃ ነው ይላሉ። እንግዲህ «የዛሬው 15 ኪሎ ሜትር ነው» የተባለለት ሰው ሁለት ሰዓት ተኩል ሊቆም ነው። የሚጠብቀው የጎታርድ ዋሻ ራሱ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ታልፎ የሚያልቅ ነው።

ታዲያ ይህን የሰማ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ያን ያህል ሀብትና ያን ያህል መሐንዲስ ያለው አገር አንዲት ዋሻ ማስፋት እንዴት ተሳነው? መልሱ የገንዘብም የእውቀትም ጉዳይ አይደለም። መልሱ ያለው በታሪኩ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጎታርድ ተራራ መተላለፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2106 ሜትር ላይ ይገኛል። ሰሜን አውሮፓን ከጣልያን የሚያገናኝ አቋራጭ ነውና ነጋዴውም፣ ተሳላሚውም፣ ወታደሩም ሲመኘው ኖሯል። ዳሩ ግን ሾለነን በሚባለው ገደል ሥር የሚምዘገዘገው ወንዝ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ድልድዩ በ13ኛው መቶ ዓመት ሲሠራ ሰዉ «ይህ የሰው ሥራ አይደለም» አለ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰይጣን ድልድዩን ሊሠራላቸው ተስማማ፤ ዋጋው በድልድዩ ላይ መጀመሪያ የምታልፈው ነፍስ ናት። ድልድዩ አለቀ። የዑሪ ሰዎች ግን ብልሆች ነበሩና ሰው ሳይሆን ፍየል ሰደዱለት። ሰይጣን በንዴት ድልድዩን ሊያፈርስ ትልቅ ቋጥኝ ተሸክሞ ሲመጣ አንዲት አሮጊት ቋጥኙ ላይ መስቀል ስላደረጉበት ጥሎት ሸሸ ይባላል።

ያ 220 ቶን የሚመዝን ቋጥኝ ዛሬም ጎሸነን ከምትባለው መንደር አጠገብ ቆሟል። የሚገርመው በ1970ዎቹ ዓመታት የዛሬው አውራ ጎዳና ሲቀየስ ቋጥኙ መንገድ ላይ ተገኘና ከመቶ ሜትር በላይ ተገፍቶ ዞር እንዲል ተደረገ። ሰይጣን የጣለውን መሐንዲስ አነሣው። ዋጋ የሚጠይቀው ግን አልቀረም።

በ1830 ላይ መተላለፊያው ለሠረገላ የሚመች ሆነ። የስዊሱ ሠዓሊ ሩዶልፍ ኮለር በ1873 የሣለው የታወቀ ሥዕል የዚያን ዘመን ጥድፊያ ያሳያል። የፖስታ ሠረገላ በፈረሶች እየተጎተተ ቁልቁል ይበርራል፤ ከፊቱ አንዲት ጥጃ ነፍሷን ለማዳን ትሮጣለች። የዛሬው መንገደኛ ሥዕሉን አይቶ ሳይስቅ አይቀርም። መንገዱ የፈጣን ሠረገላ መንገድ ነበርና።

ኮለር ሥዕሉን በሣለበት ወቅት ከተራራው ሥር ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ከ1872 ጀምሮ 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባቡር ዋሻ ይቆፈር ነበር። ሥራውን በኮንትራት የያዘው ሉዊ ፋቭር የተባለው የጄኔቫ አካባቢ ሰው በ8 ዓመት ሊጨርስ ፈርሟል፤ ቀን ባለፈ ቁጥር መቀጫ አለበት። ጥድፊያው የወደቀው በሠራተኛው ትከሻ ላይ ነበር። አብዛኞቹ ከጣልያን የመጡ ድሆች ነበሩ። በድማሚት ጭስ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና በጭቃ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በ1875 ሥራ አቁመው ሲሰለፉ ታጣቂዎች ተኮሱባቸውና 4 ሰዎች ሞቱ። በአደጋ ያለቁትማ ወደ 200 ይጠጋሉ። ፋቭርም ቢሆን መጨረሻውን አላየም፤ በ1879 እዚያው ዋሻ ውስጥ ወድቆ ሞተ። በየካቲት 1880 ከሁለቱ ወገን የሚቆፍሩት ሲገናኙ በቀዳዳው መጀመሪያ ያሳለፉት የእሱን ፎቶግራፍ የያዘች የቆርቆሮ ሣጥን ነበረች።

መኪና ሲበዛ ደግሞ የባቡሩ ዋሻ ጠበበ። መተላለፊያው ክረምቱን በሙሉ በበረዶ ስለሚዘጋ ሾፌር መኪናውን ባቡር ላይ ጭኖ ያልፍ ነበር። በ1970 የመኪናው ዋሻ ቁፋሮ ተጀመረ። 19 ሠራተኞች ሕይወታቸውን ከፍለውበት መስከረም 5 ቀን 1980 ተከፈተ። ከጎሸነን እስከ አይሮሎ 16.9 ኪሎ ሜትር፤ በዚያን ጊዜ የዓለም ረጅሙ የመኪና ዋሻ እሱ ነበር። ክብረ ወሰኑን እስከ 2000፣ የኖርዌይ የሌርዳል ዋሻ እስኪከፈት ድረስ ይዞ ቆይቷል።

ችግሩም አብሮ ተወለደ። በሁለቱም በኩል ወደ ዋሻው የሚወስደው ጎዳና በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ መኪና ያስኬዳል። ዋሻው ግን አንድ ብቻ ሆኖ፣ አንዱ ረድፍ ሲሄድ ሌላው ከፊት ለፊቱ ይመጣል። ሰፊ ማሰሮ ጠባብ አንገት ሲኖረው እንደማለት ነው። ውሃው የቱንም ያህል ቢበዛ የሚወርደው አንገቱ በፈቀደው ልክ ነው።

ጥቅምት 24 ቀን 2001 ጠዋት በአይሮሎ በኩል ከዋሻው በር ብዙም ሳይርቅ አንድ የጭነት መኪና መሥመሩን ስቶ ከፊት ለፊት ከሚመጣ ሌላ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። አንደኛው ጎማ የጫነ ነበር። እሳቱ ተቀጣጠለ፤ ጥቁር ጭስ ዋሻውን ሞላው። ከዋሻው ጎን ለጎን በተሠራው የማምለጫ መተላለፊያ ብዙዎች ነፍሳቸውን አዳኑ። 11 ሰዎች ግን አለቁ፤ የሚበዙትን የገደላቸው ጭሱ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀደም ብሎ በፈረንሳይና በጣልያን መካከል ባለው በሞን ብላን ዋሻ በተነሣ እሳት 39 ሰዎች አልቀው ነበር። ጎታርድ ሁለት ወር ገደማ ተዘግቶ ሲከፈት ሕጉ ሌላ ሆነ። የጭነት መኪኖች እንደ መድኃኒት ጠብታ እየተቆጠሩ፣ ርቀት እየጠበቁ እንዲገቡ ተደረገ። ሌላውም መኪና ሲበዛ በመብራት ይያዛል። በአንድ አቅጣጫ በሰዓት የሚያልፈው አንድ ሺህ ገደማ ነው።

እንግዲህ የፋሲካው ሰልፍ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ሰዉ ከደጅ የሚቆመው ከውስጥ እንዳይቆም ነው። ዋሻ ውስጥ ተጠባብቆ የቆመ የመኪና ሰልፍ እሳት ቢነሣበት ወዴት ይሸሻል? ቀዩ መብራት መንገደኛውን ያናድደዋል እንጂ ጠላቱ አይደለም።

የሕዝቡም ፈቃድ አለበት። በ1994 የስዊስ ሕዝብ በድምፁ፣ በአልፕስ በኩል የሚያልፉ መንገዶች የማስተላለፍ አቅም እንዳይጨምር፣ ዕቃውም ወደ ባቡር እንዲዛወር ወሰነ። ያሸነፈው 52 ከመቶ በሚሆን ድምፅ ነው። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር ሰው ጭሱንም ጩኸቱንም የሚያውቀው እሱ ነው። በ2016 በተደረገ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ ሁለተኛ ዋሻ እንዲቆፈር 57 ከመቶው ተስማማ። ምክንያቱ ያረጀውን ለማደስ መዝጋት ግድ ስለሆነ ነው። ሕጉ ግን ሁለቱም ዋሻዎች ሲያልቁ በእያንዳንዱ አንድ ረድፍ ብቻ ይሄዳል ይላል። ፊት ለፊት መጋጨት ይቀራል፤ ወረፋው አይቀርም።

ታዲያ ወረፋውን ማምለጫ የለውም? አለው፤ ግን ከመንገድ ይልቅ በጊዜ ነው። በፋሲካ ከሐሙስ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ቀትር ወደ ደቡብ፣ ሰኞ ደግሞ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ወረፋውን ፈልጎ እንደሄደ ይቆጠር። ሌሊቱን ተጉዞ ጎሕ ሳይቀድ ዋሻው ደጃፍ የደረሰ ያልፋል። በምሥራቅ በኩል በ1967 የተከፈተው የሳን በርናርዲኖ ዋሻ አለ፤ ሆኖም ጎታርድ ሲሞላ እሱም ይሞላል። የድሮው የተራራ መንገድ በበጋ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ፋሲካ ሲደርስ ግን ገና በበረዶ ሥር ነው። ፋሲካ የሚከፋውም ስለዚሁ ነው። መኪናውን ቤቱ የተወ ሰው ደግሞ በ2016 በተከፈተው 57 ኪሎ ሜትር የባቡር ዋሻ ተቀምጦ እያነበበ ያልፋል።

አንድ የማይመከር ዘዴ አለ። ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ በመንደር ውስጥ መሹለክ ነው። ብዙዎች ያደርጉታል። ያን ጊዜ የቫሰንና የጎሸነን ነዋሪ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ከደጁ መውጣት ያቅተዋል፤ ሐኪም ቢፈለግ መንገዱ ተይዟል። በዚህ የተነሣ ሰልፉ ሲበዛ በጎሸነን በኩል ያለው መግቢያ ይዘጋል። የሾለከውም ተመልሶ ከሰልፉ መጨረሻ ይገባል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሏል ይህ ነው።

ፋቭር ቀኑን ለማዳን ሲጣደፍ ሞተ፤ ሠራተኞቹንም ጥድፊያው ፈጃቸው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ በዚያው ተራራ ሥር ያሉ ሰዎች ዋጋው የሚከፈለው በምን እንደሆነ መረጡ፤ በነፍስ ሳይሆን በሰዓት። ሁለት ሰዓት ተኩል መቆም ያንገሸግሻል። ቢሆንም የፍየሏን ዘዴ የዘየዱት የዑሪ ሰዎች ልጆች አሁንም ነፍስ ላለመክፈል እየተደራደሩ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።